እማዬን ማታ ማታ እግሯ አላስተኛት ብሏል፣ የሚያውቅ ካለ እባካችሁ

የእማዬ_ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም እንደምን አላችሁ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፣ ከደብረ ብርሃን መጥታ ከኛ ጋር ነው የምትኖረው። ቀን ቀን ምንም አትል፣ ቡናዋን ታፈላለች፣ ልጆቼን ከትምህርት ቤት ባስ ትቀበላለች፣ ጓሮ የተከለችውን ጎመን ትኮተኩታለች። ችግሩ የሚጀምረው ራት በልተን ሶፋ ላይ አረፍ ስንል ነው፣ እግሯን ትዘረጋለች ታጥፋለች፣ ባቷን በቡጢ ትደበድባለች፣ ትነሳለች ትቀመጣለች፣ አልጋ ውስጥ ስትገባ ደግሞ ጭራሽ ይብስባታል። ሌሊት ለውሃ ስነሳ ኮሪደሩ ላይ በባዶ እግሯ ወዲያ ወዲህ ስትል አገኛታለሁ፣ አንዳንዴም ነጠላዋን በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ ባቷ ላይ ጠምጥማ የኩሽናው ሴራሚክ ላይ ቆማለች፣ ቀዝቀዝ ሲለኝ ትንሽ ይተወኛል ትላለች። ምንድነው የሚሰማሽ ስላት ህመም አይደለም ልጄ፣ አጥንቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይርመሰመሳል፣ ካልተነሳሁ ነፍሴ የምትወጣ ነው የሚመስለኝ ትለኛለች። እንቅልፍ የሚወስዳት ሊነጋጋ ሲል ነው።

ሐኪም ጋ ወስጃት ነበር፣ እግሯን አየት አድርጎ እድሜ ነው አለን፣ የደም ምርመራውም ሄሞግሎቢኗ ኖርማል ነው ደም ማነስ የለባትም ተባለ። የምትወስደው የግፊት መድሃኒት፣ ለጨጓራዋ ኦሜፕራዞል በየቀኑ፣ ጉልበቷን ሲያማት አይቡፕሮፌን፣ ለእንቅልፍ ደግሞ ታይሌኖል ፒኤም ነው። ኢንሹራንስ ገና የላትም። እድሜ ነው ተብሎ ዝም ብዬ ላያት አልቻልኩም፣ እንደዚህ ያጋጠመው ወይ የሚያውቅ ሰው ካለ ምን እንዳደረጋችሁ ንገሩኝ።


ብሌን_ብ

አይዞሽ እህቴ። አያቴም እንደዚህ ትሆን ነበር፣ እኛ ብርድ ነው እያልን ወፍራም ካልሲ እናደርግላታለን በቪክስ እናሻታለን፣ ስናሻት ታርፋለች እጃችንን ስናነሳ ይመለስባታል። ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ነው ያለፈችው። መልሱን እኔም እጠብቃለሁ።


ሲስተር_ወ (አዲስ አበባ)

እህቴ እድሜ ነው የሚለውን መልስ ይዘሽ አትቀመጪ። ውስጥ ደዌ ክፍል ነርስ ነኝ፣ እንደ እናትሽ ያሉ እናቶች ቁርጥማት ነው ብለው ይመጣሉ፣ መርፌ ተወግተው ወይ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የህመም ማስታገሻ ይዘው ይመለሳሉ፣ ማታ ያው ነው። የጻፍሽው ነገር ሬስትለስ ሌግስ ሲንድረም (እረፍት የሚያጣ እግር) የሚባለውን በሽታ በጣም ይመስላል። ይሄ በሽታ በራጅ ወይ በአንድ የደም ምርመራ አይታወቅም፣ የሚታወቀው ታማሚውን ቁጭ ብሎ በመጠየቅ ነው። እስቲ እናትሽን ረጋ ብለሽ ጠይቂያቸው፣ እግራቸውን ካላንቀሳቀሱ መታገስ የማይችሉት አይነት ስሜት ነው ወይ? የሚመጣው ሲቀመጡና ሲተኙ ነው ወይ? ተነስተው ሲራመዱ ቢያንስ እየተራመዱ እስካሉ ድረስ ይተዋቸዋል ወይ? ከቀን ይልቅ ማታ ይብሳል ወይ? አራቱም አዎ ከሆነና ሌላ የሚያስመስለው ነገር ከሌለ እሱ ነው ማለት ነው።

የሚያስመስሉት ነገሮች ብዙ ናቸው፣ በተለይ በትልልቅ ሰዎች። ባት ድንገት ድንጋይ ሆኖ የሚይዝ ጣት የሚያጣምም ከሆነ የጡንቻ መሸማቀቅ ነው እሱ ሌላ ነው፣ ተነስቶ እግርን መርገጥና ጣትን ወደ ላይ መሳብ ያስለቅቀዋል። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ከጣቱ ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ መቃጠልና መደንዘዝ ይኖረዋል፣ ቢራመድም ባይራመድም አይተወውም። የደም ስር መጥበብ ከሆነ ሲሄዱ ባትን ያማል ሲቆሙ ይለቃል፣ ከባሰ ደግሞ ተኝተው ያማቸውና እግራቸውን ከአልጋ ወደ ታች ሲያንጠለጥሉ ነው የሚሻላቸው፣ እሱ ካለ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ማየት አለበት በተለይ ሲጋራ ያጨሰ ወይ ስኳር ያለበት ሰው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሄሞግሎቢን ኖርማል መሆኑ አይረን አላቸው ማለት አይደለም። ሰውነት የአይረን ክምችቱ እያለቀም ሄሞግሎቢኑን ለረጅም ጊዜ ይዞ ይቆያል፣ ክምችቱን የሚያሳየው ፌሪቲን የሚባለው ምርመራ ነው። አእምሮ ዶፓሚን የሚባለውን መልእክት አስተላላፊ ለመስራት አይረን ይፈልጋል፣ ይሄ በሽታ ደግሞ አእምሮ ውስጥ ካለ የአይረን ማነስና ከዶፓሚን አሰራር ጋር የተያያዘ ነው፣ እግር ላይ ይሰማ እንጂ ምንጩ እግር አይደለም። ስለዚህ ፌሪቲን ያሰሩላቸው፣ አብሮ ትራንስፈሪን ሳቹሬሽን የሚባለውን፣ ደም ውስጥ አይረን ተሸካሚው ምን ያህል አይረን እንደያዘ የሚያሳየውን ጨምሪ፣ ምክንያቱም ሰውነት ውስጥ ኢንፌክሽን ወይ የመገጣጠሚያ መቆጣት ካለ ፌሪቲን ከእውነቱ በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። የኩላሊት፣ የስኳርና የቢ12 ምርመራም አብሮ ቢሰራ ጥሩ ነው። እና ልብ በይ፣ ውጤቱ ሲመጣ የላብ ወረቀቱ ላይ ኖርማል የሚል ቢጻፍም አንቺ ቁጥሩን ጠይቂ። ለዚህ በሽታ የሚፈለገው ከ75 በላይ ነው፣ የላቦራቶሪዎች የታችኛው መስመር ግን ከዚያ በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ 20 እና 30 ያለው ሰው ኖርማል ተብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።


የእማዬ_ልጅ

ሲስተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አሁን ቡና ላይ አንድ በአንድ ጠየቅኳት አራቱም አዎ ነው። ባቷ አይጠነክርም፣ ስኳርም የለባትም። ስጠይቃት ምን አለችኝ መሰላችሁ፣ የሷም እናት ማታ ማታ እሳት ዳር ተጋድመው ልጆቹን እየጠሩ ኑ ባቴ ላይ ቁሙልኝ ይሉ ነበር፣ እሷና ወንድሞቿ ተራ በተራ ግድግዳ ይዘው ይረግጡላቸው ነበር። የሁሉም አሮጊት ነገር እንደዛ ይመስላት ነበር።


ሲስተር_ወ (አዲስ አበባ)

በቤተሰብ ይወርዳል አዎ፣ ብዙ ጊዜ ከእናት ከአባት ሲጠየቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ለሐኪሙ ይሄንንም ንገሪው።


ጋሽ_ነ (ነታንያ)

ልጄ ስለ እናትሽ ያነበብኩት ነገር ልቤን ነካው፣ እኔ ራሴ የዚህ በሽታ ሰው ነኝ። 74 ዓመቴ ነው፣ ከጎንደር ገጠር የመጣን ነን። ባለቤቴ ሌሊት ትረግጠኛለህ ብላ ሌላ ክፍል መተኛት ጀምራ ነበር፣ እኔ ተኝቼ ስለሆነ አላውቀውም፣ እግሬ በየጥቂት ሰከንዱ ብድግ ብድግ ይላል አለችኝ፣ ኋላ ሐኪሙ እሱም ከዚሁ በሽታ ጋር አብሮ የሚመጣ ነገር ነው አለን። ሲናጎግ ረጅም ጸሎት ሲሆን፣ ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ፣ ወደ ደቡብ በአውቶቡስ ስንሄድ ሁሉ መከራዬን ነበር የማየው፣ ሰው ደግሞ ንቀት ይመስለዋል ተነስተህ ስትወጣ።

መጀመሪያ ፕራሚፔክሶል የሚባል ኪኒን ታዘዘልኝ። እውነቱን ልንገርሽ በመጀመሪያው ሌሊት እንደ ልጅ ነው የተኛሁት፣ ተአምር ነው አልኩ። ለረጅም ጊዜ ደህና ነበርኩ፣ ከዛ ቀስ በቀስ ማታ ይመጣ የነበረው ከሰዓት በኋላ መምጣት ጀመረ፣ ቀጥሎ ከምሳ በፊት፣ ከዛ እጄም ላይ ወጣ። በሄድኩ ቁጥር መጠኑን ይጨምሩልኛል፣ ሲጨመር ትንሽ ይሻለኝና መልሶ ከበፊቱ ይብሳል። ኋላ የእንቅልፍ ሐኪም ጋ ስደርስ ኦግመንቴሽን ነው አለኝ፣ መድሃኒቱ ራሱ በሽታውን እያባባሰው ነው ማለት ነው። ሌላም ጠየቀኝ፣ ሎተሪና ቁማር አብዝተሃል ወይ ብሎ፣ የዚህ አይነት ኪኒን በአንዳንድ ሰው ላይ ቁማርና ግዢ ላይ እጅ ያስፈታል አለ፣ እኔ ላይ እሱ አልነበረም። ቀስ እያደረገ አወጣኝ፣ በአንዴ አይቆምም በአንዴ ካቆሙት ሌሊቱ አይጣል ነው። ፌሪቲኔም ዝቅተኛ ሆኖ ስለተገኘ በደም ስር አይረን ሰጡኝ፣ አሁን ማታ ጋባፔንቲን የሚባል የነርቭ መድሃኒት በትንሹ እወስዳለሁ። ሙሉ በሙሉ ዳንኩ አልልም፣ ግን እተኛለሁ።

ይሄን ሁሉ የጻፍኩት ለእናትሽ መድሃኒት ሊታዘዝ ሲል አይረኗ መታየቱን አስቀድመሽ እንድትጠይቂ ነው። እኔን ያኔ ማንም አላየልኝም።


ኪያ_ፋርማሲ (አሌክሳንድሪያ)

ጋሼ ልክ ነዎት፣ አሁን ነገሩ ተለውጧል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2025 ባወጣው መመሪያ ፕራሚፔክሶልና የሱ ዘመድ የሆነው ሮፒኒሮል እንደ በፊቱ የመጀመሪያ ምርጫ አይደሉም፣ እርስዎ በጻፉት ምክንያት ነው። ቅድሚያ የተሰጠው አይረንን ማየትና መሙላት ነው፣ ከዛ ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን። እነሱም ቢሆኑ ለትልልቅ ሰዎች ያዞራሉ፣ ሌሊት ተነስተው መጸዳጃ ሲሄዱ ሊጥሏቸው ይችላሉ፣ ኩላሊት ከደከመ መጠኑ መቀነስ አለበት፣ ከመጠጥና ከኃይለኛ የህመም ማስታገሻ ጋር ደግሞ ትንፋሽ ያዳክማሉ።

አሁን ለባለጉዳይዋ። እህቴ ከጻፍሽው ሁሉ መጀመሪያ አይኔ የገባው ታይሌኖል ፒኤም ነው። ፒኤም የሚል ነገር ያለበት ኪኒን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ዳይፈንሃይድራሚን አለ፣ ቤናድሪል ማለት ነው፣ ያ ደግሞ ይሄንን በሽታ ከሚያባብሱት ዋነኛው ነው። ሰዎች እግራቸው ስላላስተኛቸው ይወስዱታል፣ እግራቸው ይብሳል፣ ሌላ ይጨምራሉ። ለትልልቅ ሰዎች ደግሞ እግሩ ባይኖርም ጥሩ አይደለም፣ ያደናግራል፣ ሽንት ይከለክላል፣ ይጥላል። እሱን ዛሬውኑ ማቆም ይቻላል። ሌሎች የሚያባብሱ አሉ፣ አገር ቤት ፕላሲል እያልን ማስታወክን ለማስቆም የምንወስደው፣ ለነርቭና ለእንቅልፍ የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን፣ ሚርታዛፒን፣ ብዙዎቹ የድብርት መድሃኒቶች፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል። እነዚህን ግን ማንም በራሱ እንዳያቆም፣ የሚቀየር ካለ ሐኪሙ ይቀይረው።

ሁለተኛው ኦሜፕራዞሉ ነው። የጨጓራ አሲድ ሲቀንስ አይረን ከምግብ መወሰዱም ይቀንሳል፣ ለረጅም ጊዜ ሲሆን ቢ12ም እንደዛው። ግን አይቡፕሮፌን እየወሰደች ኦሜፕራዞሉን ብቻ ካቆምሽው ጨጓራዋ ሊቆስል ይችላል፣ ስለዚህ ሁለቱም አብረው ሐኪም ፊት ይቅረቡ። አይቡፕሮፌን ራሱ ጨጓራ እያደማ ሳይታወቅ ቀስ በቀስ አይረን ሊያስጨርስ ይችላል፣ ግፊቷንም ከፍ ያደርጋል። ስንት ኪሎ መድሃኒት ተሸክመው እንደሚመጡ እያየሁ ስለሆነ ነው እንደዚህ የማበዛው፣ ሁሉንም ጠርሙስ በፌስታል አድርገሽ ይዘሽ ሂጂ፣ ከአገር ቤት የመጣውንም።


ዱባይ_ናት

ከርዕሱ ትንሽ ወጣ እንዳልል እንጂ አንድ ነገር ልጨምር። አባቴ ልጁን ሊጠይቅ ረጅም በረራ በሮ ከወረደ በኋላ እግሩን አመመኝ ማለት ጀመረ፣ ሁላችንም ድካም ነው መቀመጥ ነው እያልን እንድናሸው ዘይት እያሞቅን ነበር። የአንደኛው እግሩ ባት ከሌላኛው ወፍሮ ነበር፣ ሲነኩት ይሞቃል። አንዲት ጎረቤታችን ሐኪም ናት አይታ አትሹት ብላ ቀጥታ ድንገተኛ ላከችን፣ የደም መርጋት ነበር። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ከቀላ ወይ ትንፋሽ ካጠረ የማታ እግር ነው ብላችሁ እንዳትጠብቁ።


ሲስተር_ወ (አዲስ አበባ)

ዱባይ_ናት በጣም አመሰግናለሁ፣ ይሄ ለሁሉም ሰው መነገር ያለበት ነገር ነው። ሬስትለስ ሌግስ አያሳብጥም፣ ቀለምም አይቀይርም፣ እግሩ ሲታይ ጤነኛ ነው።


በሬ_አ

እኛ ሰፈር ለእግር መሸማቀቅ ክዊኒን የሚሰጡ አሉ የወባውን፣ ሌላው ደግሞ ማግኒዚየም ይላል። ይሰራል?


ኪያ_ፋርማሲ (አሌክሳንድሪያ)

ክዊኒን አይሆንም ወንድሜ። ድሮ እዚህም ለመሸማቀቅ ይሸጥ ነበር፣ የአሜሪካው የመድሃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ1994 ያለ ትዕዛዝ እንዳይሸጥ ከለከለ፣ በኋላም ደጋግሞ አስጠንቅቋል፣ ምክንያቱም በአንዳንድ ሰው ላይ ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን ፕላትሌት ይቀንሳል፣ ልብ ምት ያዛባል፣ ሰው ሞቶበታል። ለወባ ነው እንጂ ለእግር አይደለም። ማግኒዚየም ብዙ ሰው ይወደዋል፣ ግን በትልልቅ ሰዎች መሸማቀቅ ላይ ተጠንቶ ብዙም ጥቅም አልታየበትም፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደግሞ እንዳይሞክረው።


ወለተ_ማ

ሁላችሁም ስለ ኪኒን ታወራላችሁ፣ እናቶቻችን ሬስትለስ ምናምን ሲባል ሰምተው አያውቁም ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው። ሌሊት ሌሊት የሚያስነሳ ነገር እኮ መንፈስም ሊሆን ይችላል፣ ጸበል ያስጠምቋቸው። እኔ በዓይኔ ያየሁት አለ።


ሲስተር_ወ (አዲስ አበባ)

እህቴ ወለተ፣ እኔም ጸበል እጠጣለሁ፣ ማንንም አትሂዱ አልልም። ግን እናት ጸበል እየተጠመቁም ደማቸው ሊታይ ይችላል፣ አንዱ አንዱን አይከለክልም። የፈረንጅ ነው ላልሽው የልጅቷ አያት እሳት ዳር ሆነው ባቴ ላይ ቁሙልኝ ይሉ የነበረው ምን ነበር? ፈረንጆቹም ቢሆኑ ትናንት አይደለም የጻፉት፣ ቶማስ ዊሊስ የሚባል የእንግሊዝ ሐኪም በ1672 ጽፎታል፣ አሁን የሚጠራበትን ስም ደግሞ ካርል አክሰል ኤክቦም የሚባል ስዊድናዊ ነው በ1945 ያወጣለት። እዛ ሲቆጠር ከ100 አዋቂ ከ5 እስከ 10 የሚሆነው በመጠኑም ቢሆን አለበት፣ ሴቶች ላይ ይበዛል። እኛ ጋ ሰው ሐኪም ፊት አያነሳውም እንጂ አለ፣ በየዋርዱ አለ።

መንፈስ ነው የሚባለው ነገር የሚያሳዝነኝ ለምን መሰለሽ፣ ሌሊት ቆመው የሚያድሩ እናቶች አብደው ነው እንዳይባሉ ፈርተው ለልጆቻቸው እንኳን አይናገሩም። ስንጠይቃቸው ያለቅሳሉ።


ወለተ_ማ

እሺ እህቴ ገባኝ፣ ለክፋት አይደለም የጻፍኩት። ደሙንም ያሳዩ።


አሌክስ_ቨ (ሜሪላንድ)

ስለ ኢንሹራንሱ፣ በግሪን ካርድ የመጡ ወላጆች 65 ቢያልፉም ሜዲኬር ለመግዛት 5 ዓመት መኖር አለባቸው፣ ግን እስከዛ ሜዳ ላይ አይደላችሁም። በገቢ መጠን የሚያስከፍሉ የማህበረሰብ ጤና ክሊኒኮች በየካውንቲው አሉ፣ ስትደውሪ ስላይዲንግ ፊ አላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ፌሪቲን ውድ ምርመራ አይደለም። አማርኛ አስተርጓሚም ጠይቂ፣ ልጅ ስታስተረጉም እናት የምትደብቀው ነገር አለ።


የእማዬ_ልጅ

ተባረኩ ሁላችሁም። ቀጠሮ ይዣለሁ። እስከዛ ሌሊቱን ምን ላድርግላት? ቆማ ሳያት አንጀቴ ነው የሚበላኝ።


ጋሽ_ነ (ነታንያ)

የኔን ልንገርሽ ልጄ። ከመተኛቴ በፊት እግሬን በሙቅ ውሃ እዘፈዝፋለሁ፣ ለእናትሽ ቀዝቃዛ ከሆነ የሚሻላት ቀዝቃዛውን፣ ሰው ሰው ይለያያል። ከዛ ግድግዳ ይዤ አንዱን እግር ወደ ኋላ ተረከዙ መሬት ሳይለቅ ባቴን እስኪስበኝ ድረስ እቆማለሁ፣ እየቀያየርኩ። ቡና ከምሳ በኋላ አልነካም፣ ይሄ ለኛ ሰው ከባድ ነው አውቃለሁ ግን ማታ የሚፈላው ቡና ለዚህ እግር ጠላት ነው፣ ጠላና አረቄም እንደዛው። ቀን መራመድ ይረዳል፣ ግን ማታ ላይ ራስን ማድከም ይብስብኛል። ሌላው አእምሮ ሲያዝ ይተዋል፣ ዝም ብዬ ቴሌቪዥን ሳይ ይመጣል፣ ከልጅ ልጄ ጋር ገበጣ ስጫወት ግን አይመጣም። እናትሽ ጥጥ ትፈትል ከነበር እንዝርት ስጫት፣ ማታ ማታ እጇ ስራ ይያዝ። ሌሊት ስትነሳ የሚያደናቅፍ ምንጣፍ አንሺ፣ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ መብራት አድርጊላት። ተኚ ተኚ አትበያት፣ መራመድ ያለባት ሰዓት ትራመድ።


ሲስተር_ወ (አዲስ አበባ)

የጋሼ ላይ ስለ ምግብ ልጨምር። ጤፍ አይረን አለው ይባላል፣ አለው፣ ግን የተወሰነው በአውድማ ላይ ከአፈር የሚገባ ነው፣ በዛ ላይ እህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት አይረኑን ይዞ ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል፣ ሊጡ በደንብ ሲቦካ ይቀንሳል። ስለዚህ እንጀራ እበላለሁ አይረን አለኝ ማለት አይቻልም። ሽሮና ምስር ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ ቃሪያና ቲማቲም አብሮ መብላት ይረዳል። ትልቁ ነገር ግን ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይ ወዲያው በላዩ መጠጣት ነው፣ አይረኑን ይዞት ይሄዳል፣ አንድ ሁለት ሰዓት ልዩነት ይኑር። ጾም ላይ ያሉ እናቶች ለረጅም ጊዜ ሥጋ ስለማያገኙ የበለጠ ይጎዳሉ፣ የንስሐ አባታቸውን ቢያማክሩ ለታመመና ለደከመ ሰው መላ አለው። ግን ምግብ ብቻውን ባዶ የሆነ ክምችት ቶሎ አይሞላም፣ እና ሳይመረመሩ አይረን ኪኒን ገዝታችሁ አትስጡ፣ አይረን የሚበዛባቸው ሰዎች አሉ፣ ጉበትና ልብ ይጎዳል።


የእማዬ_ልጅ

ሰላም እናንተዬ፣ ብዙ ጊዜ ጠፋሁ ይቅርታ። ወሬ ይዤ መጣሁ። ፌሪቲኗ 18 ነው። ወረቀቱ ላይ ምንም ቀይ ምልክት የለውም፣ ዶክተሯ ራሷ በወረቀቱ ኖርማል ነው ግን በእግሯ ምክንያት ለኔ ኖርማል አይደለም አለችኝ፣ ሲስተርን አስታወስኳት። ቀጥሎ በዚህ እድሜ ወር አበባ የሌላት ሴት አይረኗ የት ነው የሚሄደው ብላ ሰገራ አስመረመረቻት፣ ደም ተገኘ። በጣም ደነገጥን፣ ልጆቼ ሁሉ። ኢንዶስኮፒ ሲደረግላት የጨጓራ ቁስል ነው፣ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያም አለባት፣ ካንሰር አይደለም ተመስገን። ትልቁን አንጀትም እናያለን ብለው ኮሎኖስኮፒ አደረጉላት እሱ ንጹህ ነው። አይቡፕሮፌኑ ቆመ፣ ለባክቴሪያው መድሃኒት ወስዳ ጨረሰች፣ ታይሌኖል ፒኤሙን ያኔ ኪያ እንደጻፈልኝ ጥያለሁ፣ እሱን ባቆመች በሳምንቱ እንኳን የማታው መጀመሪያ ሰዓት ቀለል ብሎላት ነበር።

አይረኑ በደም ስር ቢሆን ይፈጥን ነበር ተብሎ በክፍያው ምክንያት በኪኒን ጀመርን። አሁን አሁን ራት በልታ ሶፋ ላይ ዜና እስከመጨረሻው ትሰማለች። ሌሊት የምትነሳበት ቀን አለ፣ ግን እንደበፊቱ አይደለም፣ ባለቤቴ ራሱ ኮሪደሩ ጸጥ አለ አለኝ። የአይረኑ ኪኒን ሆዷን ያደርቃታል፣ ሰገራዋም ጠቁሯል፣ ይሄ ምን ላድርግ?


ኪያ_ፋርማሲ (አሌክሳንድሪያ)

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ! ሐኪሟ ጎበዝ ናት፣ አይረን ሰጥታ ብቻ ብትሸኛት ቁስሉ ተደብቆ ይቀር ነበር። ትልቅ ሰው አይረኑ ሲያንስ የት እንደሚፈስ መፈለግ ግዴታ ነው፣ በተለይ ወንድ ከሆነ ወይ ወር አበባ ያቆመች ሴት።

ኪኒኑ 325 የሚለው ፌረስ ሰልፌት ከሆነ ውስጡ ያለው ንጹህ አይረን 65 ሚሊግራም ነው። ሆድ ካደረቃት አንድ ቀን እየዘለለች መውሰድ ትችላለች፣ ብዙም አይጎዳትም እንዲያውም ሰውነት በደንብ የሚወስደው እንደዛ ሲሆን ነው፣ ለሐኪሟ ንገሪያት ብቻ። በብርቱካን ጭማቂ ትዋጠው፣ ከቡና ከሻይ ከወተትና ከካልሲየም ኪኒን ይራቅ፣ የታይሮይድ መድሃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ በሁለቱ መሃል የ4 ሰዓት ልዩነት ያድርግ። ውሃ ታብዛ፣ ተልባ ጥሩ ነው። ሰገራ መጥቆሩ ከአይረኑ ነው፣ ግን እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና መጥፎ ሽታ ያለው ከሆነ፣ ወይ ካዞራትና ላብ ካጠመቃት፣ ቁስሉ ሊደማ ስለሚችል ድንገተኛ ውሰጃት።


ሲስተር_ወ (አዲስ አበባ)

ደስ ብሎኝ አለቀስኩ እኮ። ሦስት ወር አካባቢ ፌሪቲኗ ይደገም፣ ጠዋት በባዶ ሆዷ ትሰራው፣ በዋዜማው ኪኒኑን ትዝለል። ተሻለኝ ብላ እንዳታቆም፣ ክምችት የሚሞላው ቀስ ብሎ ነው።


ብሌን_ብ

እህቴ እንኳን ደስ ያለሽ። እናቴም አሁን 60 ልትሞላ ነው እግሬን አላስቀምጥ አለኝ ማለት ከጀመረች ቆየት ብሏል፣ አያቴን አስታውሼ ነገ ላብ ይዣት እሄዳለሁ።


ተስፋ_ጅ (አዳማ)

ዘግይቼ ነው ያየሁት። አባቴ ዲያሊሲስ ላይ ነው፣ ማሽኑ ላይ ተቀምጦ ራሱ እግሩ አያስቀምጠውም፣ ሳይጨርስ አውጡኝ ይላል። እሱም አይረን ልግዛለት?


ሲስተር_ወ (አዲስ አበባ)

አይ ወንድሜ እንዳትገዛ። የዲያሊሲስ ታማሚዎች ላይ ይሄ በሽታ በጣም የተለመደ ነው፣ ግን አይረናቸውን የሚከታተለውና የሚሰጠው የዲያሊሲስ ክፍሉ ነው፣ በደም ስር ነው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው። ጋባፔንቲንም ቢታዘዝ ለነሱ በጣም ትንሽ መጠን ከዲያሊሲሱ በኋላ ነው፣ ከሰው ተቀብለህ እንዳትሰጠው ያሰክራቸዋል። ሳይጨርስ መውጣቱ ግን አደገኛ ስለሆነ ለነርሶቹ ዛሬውኑ ንገራቸው፣ እግሩን የሚሸው ሰው አጠገቡ ይቀመጥ፣ የሚቻል ከሆነም በጠዋት ፈረቃ ያስገቡት፣ ጠዋት ላይ ይቀላል። ለማቅለሽለሽ ፕላሲል ይሰጡት እንደሆነም ጠይቅ። ንቅለ ተከላ የሚያገኙት ብዙዎቹ ላይ ደግሞ ይሻላል።


ተስፋ_ጅ (አዳማ)

ፕላሲል ይሰጡታል፣ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል። ሐሙስ ፈረቃው ነው እጠይቃቸዋለሁ።